ቡድን 20

ቡድን 20 የዓለም ታላላቅ ኢኮኖሚዎች መንግሥታት የሚመክሩበት መድረክ ነው። 19 አገሮችንና የአውሮፓ ኅብረትን ይዞ ቆይቶ በ2023 ኒው ዴልሂ ላይ የአፍሪካ ኅብረትን በሙሉ አባልነት ተቀብሏል፤ ዘግይቶም ቢሆን መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው ድርጅት ቦታውን አገኘ። አባላቱ 21 ሲደርሱ ስሙ አልተለወጠም። (ዓመታቱ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእስያን የገንዘብ ቀውስ ተከትሎ በ1999 በርሊን ላይ የተጀመረው በገንዘብ ሚኒስትሮችና በማዕከላዊ ባንክ ገዥዎች ነው። መሪዎች በ2008 ዋሽንግተን ተሰበሰቡ፤ በ2009 የለንደን ጉባኤ አቶ መለስ ዜናዊ የኔፓድ (የአፍሪካ የልማት መርሐ ግብር) ሊቀመንበር ሆነው ተገኝተዋል።

ቡድኑ ቋሚ ጽሕፈት ቤት የለውም፤ ሊቀመንበርነቱ በየዓመቱ ይዞራል። የመሪዎቹ ተወካዮች «ሼርፓ» ይባላሉ። የመግለጫውን ረቂቅ ቃል በቃል ይከራከሩበታል፤ ያልተስማሙበት ሐረግ በቅንፍ ታጥሮ ያድራል። ድምፅ አይሰጥም፤ አንድ አባል እምቢ ካለ የጋራ መግለጫው ሊቀር ይችላል። በ2023 በሕንዷ ቤንጋሉሩ በተደረገው የገንዘብ ሚኒስትሮች ስብሰባ ሩሲያና ቻይና ስለ ዩክሬን የተጻፈውን አንቀጽ ስላልተቀበሉ የወጣው የሊቀመንበሩ ማጠቃለያ ብቻ ነበር።

ኢትዮጵያን በቅርብ የሚነካት ቡድኑ በኅዳር 2020 ያጸደቀው የዕዳ ሽግሽግ «የጋራ ማዕቀፍ» ነው። ተበዳሪው ያመለክታል፤ አበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ያቋቁማሉ፤ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) የዕዳ ጫናውን ይመዝናል፤ ከዚያ የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል። ኢትዮጵያ በ2021 ጠየቀች፤ ኮሚቴውን ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ መሩት። ለመዘግየቱ የሰሜኑን ጦርነት የሚያነሱ አሉ፤ ማዕቀፉ የጊዜ ገደብ ስለሌለው ግን ጦርነት ባልነበረባት በዛምቢያም ተጓቷል።

የቦንድ ባለቤቶች፣ ማለትም መንግሥት በገበያ የሸጠውን የብድር ሰነድ የገዙ የግል አበዳሪዎች፣ ከኮሚቴው ውጪ ናቸው። ተበዳሪው ከመንግሥታቱ ካገኘው ያላነሰ ቅናሽ ከእነሱም እንዲጠይቅ ይገደዳል፤ እነሱ ግን የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። ክሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። በታኅሣሥ 2023 ኢትዮጵያ በውጭ ገበያ የሸጠችውን የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ (ዩሮቦንድ) የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል የ14 ቀኑ የእፎይታ ጊዜ አለፈ፤ አበዳሪዎችን በእኩል ለማስተናገድ ነው ተባለ። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ተደርጎ የአይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ጸደቀ። ከኮሚቴው ጋር 8.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሸፍነው ስምምነት በመጋቢት 2025 በመርህ ደረጃ ተደረሰ፤ ሰነዱም በሐምሌ ተፈረመ። ዕዳው በተግባር የሚሸጋሸገው ግን ከእያንዳንዱ አበዳሪ አገር ጋር ለየብቻ ውል ሲታሰር ነው።