ቤንዚን ታንክ ላይ ሲሊኮን? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎረቤቴ ቪትዙን ፉል ባስሞላ ቁጥር ኋላ የሚቀመጡት ልጆቹ «ቤንዚን ሸተተን» ይላሉ። ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ሽታው ይጠፋል። እሱም «ሲቀዱ ፈሶ ነው» እያለ ወራት ከረመ። አንድ ቅዳሜ የኋላውን ወንበር አነሳን። የነዳጅ ፖምፓው ክዳን ዙሪያውን ቀይ ሲሊኮን ተለቅልቋል። በጣቴ ስነካው እንደ ራሰ ዳቦ ተገሽልጦ መጣ።

«ሲሊኮን የማያሽገው ነገር የለም»

ሙቀት ይችላል፤ እሱ እውነት ነው። ቤንዚን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሲሊኮን ቤንዚን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይላቀቃል። ፍርፋሪው ታንክ ውስጥ ከወደቀ ደግሞ የፖምፓውን ወንፊት ይዘጋል። ብዙዎቹ የሲሊኮን ቱቦዎች ጀርባ ላይ ቤንዚን ለሚነካው ቦታ እንደማይሆን ተጽፏል። ማን ያነባል?

«ጎማ ያው ጎማ ነው፤ ከከመነዳሪ እንቁረጥለት»

ከመነዳሪ የተሠራው አየር ለመያዝ ነው፤ ቤንዚን ውስጥ ያብጣል። ለታንክ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ክዳኑ ስር ገብቶ ለሚያሽገው ቀለበት፣ የሚሆነው ናይትራይል ወይም ቫይተን የሚባለው ጎማ ነው። ናይትራይል ረከስ ይላል፤ ለተራ ቤንዚንና ለናፍጣ ይበቃል። ቫይተን ውድ ነው፤ ግን ኢታኖል የገባበትን ቤንዚን የበለጠ ይቋቋማል። ይሄ ለኛም ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል 5፣ ኋላም 10 በመቶ ቤንዚን ውስጥ እየተቀላቀለ ተሸጧል።

«ቡናማ ከሆነ ቫይተን ነው»

ቀለም ማንም ይቀባል። መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትወርዱ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ከጥቅል ጎማ የሚቆረጥ ከሆነ ቁራጩን ለሁለት ክፈሉት። አንዱን ቤንዚን ባለበት ክዳናም ብርጭቆ ውስጥ፣ ከእሳት አርቃችሁ ውጭ አሳድሩት። ጠዋት ጎን ለጎን አስተያዩአቸው። ትንሽ ማበጥ ያለ ነው። ተለጥጦና ሙልጭልጭ ብሎ ከወጣ ግን ለሻጩ መልሱለት።

«ሳሙና ለቅልቀው፣ ያልቃል»

ይቺ ግማሽ እውነት ናት። ደረቅ ሳሙና በቤንዚን አይሟሟም። ለጠብታ ቀዳዳ ጋራዥ እስክትደርሱ ያቆያል። ከዚያ አያልፍም።

«ታንኩ ባዶ ነው፣ ብየዳ ምን ያደርገዋል?»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነው። ተንጠፍጥፎ ያደረ ታንክ ውስጥ የቀረው ደግሞ እሱ ነው። በውሃ አንድ ጊዜ ማለቅለቅም አይበቃም።

«አዲሱ ጓርኒሲዮን ላይ ትንሽ ሲሊኮን ብንጨምርስ?»

ጎረቤቴም ይህንኑ ጠየቀኝ። የፖምፓ ጓርኒሲዮን አብዛኛውን ጊዜ የሚገጠመው ደረቁን ነው። የድሮውን ሲሊኮን ፍቀን አጸዳን። ቡሎኖቹን በአንዴ ሳይሆን ፊት ለፊት እያፈራረቅን በልኩ አሰርን፤ ከልክ በላይ ከተጠበቀ ጎማው ይጨፈለቃል፣ ክዳኑም ይጣመማል። ከዚያ ፉል አስሞላ። ሽታ የለም። ልጆቹ ግን እስካሁን ማደያ ሲገባ አፍንጫቸውን ይይዛሉ።