አስተናግርና ዘመዶቹ፦ ዕፅዋት መድኃኒት የሚሆን አልካሎይድ እንዴት ይሠራሉ?

አስተናግርን ሳያየው ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም። መንገድ ዳር ይበቅላል፤ ቆሻሻ የተደፋበትና የፈረሰ ግቢም ይወዳል። አበባው ነጭ ጥሩንባ ይመስላል፤ ፍሬው እሾሃም ነው። አጤ ፋሪስም ይሉታል። አስተናግር የሚለው ስሙ ሥራውን ይናገራል፦ የበላውን ሰው ያስለፈልፋል፣ ያቃዣል፣ ሲበዛም ይገድላል። ይህን የሚያደርጉት በውስጡ ያሉት ሃዮሳያሚንና ስኮፖላሚን የሚባሉ አልካሎይዶች ናቸው። ሃዮሳያሚን ከተክሉ ተጨምቆ ሲወጣ በቀላሉ ወደ አትሮፒን ይለወጣል። አትሮፒን ደግሞ በየሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል ከማይጠፉት መድኃኒቶች አንዱ ነው።

አልካሎይድ ማለት ናይትሮጅን ያለበት፣ በብዛት ዕፅዋት የሚሠሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ መራራ የሆነ ውህድ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1819 ያወጣለት ጀርመናዊው ማይስነር ነው። እስካሁን ከ12 ሺህ በላይ ዓይነት ታውቋል። የቡናችን ካፌይን አልካሎይድ ነው። የትምባሆ ኒኮቲንም እንደዚሁ። ወባን ለረጅም ዘመን ሲያክም የኖረው የሲንኮና ቅርፊት ኪኒንም ከዚሁ ወገን ነው፤ ዛሬ ማንኛውንም እንክብል "ክኒን" የምንለው ከዚያ ወርሰን ነው።

ተክሉ ይህን ሁሉ የሚደክመው ለእኛ ብሎ አይደለም። ፍየል ስትመጣበት ሮጦ አያመልጥ፣ አባጨጓሬ ሲወጣበት አያራግፍ። ያለው መከላከያ መምረርና መመረዝ ነው። ይህ ደግሞ በነፃ አይገኝም። ናይትሮጅን ለተክል ውድ ነገር ነው፤ ገበሬ ማዳበሪያ የሚገዛው ለምን ሆነና! ስለዚህ አንዳንዶቹ ሁልጊዜ ብዙ አያመርቱም። የዱር ትምባሆ ቅጠሉ ሲበላ ጃስሞኔት የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። መልእክቱ ሥር ሲደርስ የኒኮቲን ምርት ይጨምራል።

ጥሬ ዕቃው ብዙውን ጊዜ ፕሮቲን የሚገነባበት አሚኖ አሲድ ነው። የኦፒየም አበባ ሞርፊንን የሚጀምረው ከታይሮሲን ነው። አስተናግር ደግሞ ሁለት መነሻ አለው። አንዱ ከኦርኒቲን ተነሥቶ የሞለኪዩሉን ቀለበት መሰል ክፍል ይሠራል፤ ሌላው ከፌኒልአላኒን ተነሥቶ ጅራቱን ያዘጋጃል። በመጨረሻ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። በየደረጃው አንድ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ቆሞ ትንሽ ትንሽ ይለውጣል፤ ጠላ ስንጠምቅ ከጌሾ ወደ ብቅል፣ ከብቅል ወደ ድፍድፍ እንደምንሄደው።

እኔን የሚገርመኝ የሥራው ቦታ ነው። የአስተናግር ቅጠል መርዛማ ቢሆንም መርዙ በዋናነት የሚሠራው ሥር ውስጥ ነው። ከዚያ ውኃ በሚወጣበት ቧንቧ ተጭኖ ወደ ላይ ይሄዳል። ይህ የታወቀው በቀላል ሙከራ ነው። የአስተናግርን ግንድ ቆርጠው በቲማቲም ሥር ላይ ሲያጣብቁት ቅጠሉ መርዝ አልባ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ተገላቢጦሹን ሲያደርጉ፣ ማለትም ቲማቲሙን በአስተናግር ሥር ላይ ሲያበቅሉት፣ ምስኪኑ ቲማቲም መርዝ ተሸከመ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ቲማቲም አሳድገው የበሉ ሰዎች ተመርዘዋል።

መርዙ ተክሉን ራሱን እንዳይጎዳ ሕዋሱ ውስጥ ባለ ከረጢት ይቀመጣል። ጎተራ በሉት። በሌላ ተክል ደግሞ ሥራው ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ይዞራል። የማዳጋስካር ተወላጅ የሆነችውና በብዙ ሞቃት አገሮች ለጌጥ የምትተከለው ባለ ሮዝ አበባ ካታራንተስ እንዲህ ናት። ቪንብላስቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት የሚገኘው ሁለት ውህዶች ሲጣመሩ ነው። አንደኛው፣ ካታራንቲን፣ ቅጠሉ ገጽ ላይ ይከማቻል። ሁለተኛው፣ ቪንዶሊን፣ ውስጥ ተደብቋል። ብዙም ስለማይገናኙ መድኃኒቱ በጣም ጥቂት ነው። አንድ ግራም ለማግኘት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ደረቅ ቅጠል ይፈልጋል።

የተገኘውም በሌላ ነገር ፍለጋ ላይ ነው። ካናዳ ውስጥ ኖብልና ቢር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተክሉ የስኳር በሽታ ያክም እንደሆነ ሲፈትሹ የአይጦቹ ስኳር አልቀነሰም። የቀነሰው ነጭ የደም ሴላቸው ነበር። ነጭ የደም ሴል የሚያሳንስ ነገር ደግሞ ለደም ካንሰር መሞከሩ አይቀርም። የቪንብላስቲን ወንድም የሆነው ቪንክሪስቲን ዛሬም የሕፃናትን የደም ካንሰር ለማከም ይሰጣል። ሕዋስ ሲከፈል የሚዘረጋቸውን ክሮች እንዳይሠሩ ያግዳል።

ወደ አስተናግር ልመለስ። አትሮፒን የዘገየ የልብ ምት ያፈጥናል፤ ለምርመራ የዓይን ብሌን ያሰፋል። ከሁሉ በላይ እንደ ማላታዮን ባለ ፀረ ተባይ የተመረዘን ሰው ያተርፋል። መርዝ በመርዝ ማለት ይህ ነው። ይህ ግን ቅጠል ቀንጥሶ መቀቀልን አይመለከትም። የመርዙ መጠን ከተክል ተክል፣ ከቅጠል ፍሬ ይለያያል፤ በሚያድነውና በሚገድለው መካከል ያለው ልዩነትም ጠባብ ነው። ፋብሪካዎችም በዓይን ግምት አይሠሩም። ስኮፖላሚን በብዛት የሚገኘው አውስትራሊያ ውስጥ በእርሻ ከሚለማው ዱቦይሲያ ከሚባል ዛፍ ነው።

አሁን እርሾ ሥራውን እየተማረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከተለያዩ ፍጥረታት ጂን ወስደው ሃዮሳያሚንና ስኮፖላሚን የሚሠራ እርሾ አዘጋጁ። ከባዱ ነገር ኢንዛይሞቹን መሰብሰብ ብቻ አልነበረም። ቀለበቱንና ጅራቱን የሚገጣጥመው ኢንዛይም በተክሉ ውስጥ የሚሠራው ጎተራው ውስጥ ነው። ስለዚህ እርሾው ውስጥም ወደ ጎተራው የሚገባበትን መንገድ ማበጀት ነበረባቸው።