«ጭቃ የድሃ ቤት ነው» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ሙያዬ ሕንፃ ነው። ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ይህን የሰማ ሰው ስለ ቤት ሳያነሳ አይለቀኝም። ያንሳ፣ ግድ የለም። የሚያንገሸግሸኝ አብሮት የሚመጣው እርግጠኝነት ነው፤ በተለይ ዩኒቨርሲቲዎች አየር ንብረትን የማይጎዳ ከተማ ለመገንባት ስለሚያጠኑት ነገር ሲወራ።

«አረንጓዴ ከተማ ማለት ዛፍ መትከል ነው።» የአዲስ አበባ ፓርኮች ላይ የተሠራ ጥናት እንደሚያሳየው የማቀዝቀዝ አቅሙ እንደ ዛፉ ዓይነት ይለያያል። ችግኝ መቁጠር ብቻውን አይበቃም።

«የመስታወት ሕንፃ ዘመናዊ ነው።» አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። መስታወት ግን ፀሐይ ያስገባና ኤሲ ያስፈልጋል ያሰኛል። በዚህ አየር ኤሲ ምን ይሠራላታል? ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ አንድ ቢሮ አውቃለሁ። ሠራተኞቹ ከምሳ በኋላ መስታወቱ ላይ ካርቶን ይለጥፋሉ። ከዚያ ይጨልምባቸውና መብራት ያበራሉ። በዚያ ሁሉ ዶላር ለገባ መስታወት!

«ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀረው።» ብዙው ይቀራል፣ አልከራከርም። ሁሉም ግን አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኢአቢሲ፣ የድሮው ሕንፃ ኮሌጅ ማለት ነው፣ ከስዊዘርላንዱ ዩኒቨርሲቲ ኢቲኤች ዙሪክ ጋር ሆኖ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ግቢው ውስጥ ጂ ፕላስ ዋን የአፈር ቤት ሠርቷል። ስሙ ሱዱ ይባላል። የምድር ቤቱ ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ የላይኛው በማሽን የታመቀ የአፈር ብሎኬት። በለመድነው የኮንክሪት ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ፋንታም ከስስ ጡብ የተሠራ ቅስት አለው።

ይህን ስናገር ነው ዋናው የሚመጣው። «አፈር? እሱማ የድሃ ቤት ነው። ክረምት ሲመጣ ይፈርሳል።»

መጀመሪያ ነገር፣ የየመኗ ከተማ የሺባም ፎቆች ከጭቃ ጡብ የተሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆመዋል። ሩቅ ነው ካላችሁ አራዳ የነበሩትን የምኒልክ ዘመን መኳንንት ቤቶች አስታውሱ። ድንጋይና ጭቃ ነበሩ። መኳንንቱ ድሆች ነበሩ?

ሁለተኛ፣ እናንተ የምታውቁት ጭቃ ቤት በባሕር ዛፍ ማገር ላይ በጭድ የተቦካ ጭቃ የተመረገበት ነው። እሱ ሲዘም አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱን ምስጥ በልቶታል፣ ወይም ግርጌው ውሃ ጠጥቷል። የተጠቀጠቀ አፈር ግን ማገር የለውም። እርጥበቱ የተመጠነ አፈር ካሳፎርማ (ቅርጽ መያዣ ሳንቃ) ውስጥ በስሱ እየተደረደረ ይደቃል። አፈሩም ይመረጣል። ጥቁሩ ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አይሆንም። ለመጀመሪያ ግምት ላብራቶሪ አያስፈልግም። የላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አፈር ሙሉበት፣ ውሃ ጨምሩና በደንብ ናጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ሸክላው እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። ንብርብሩን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ለምን እንዲህ ይደከማል? ሲሚንቶ በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ገደማ ድርሻ አለው። እቶኑ 1,450 ዲግሪ ይደርሳል። ከሚለቀቀው ካርቦን አብዛኛው ደግሞ ከነዳጁ አይመጣም፣ ሲሚንቶው ከሚሠራበት ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው። ስለዚህ ነዳጅ መቀየር ብቻውን አያድንም። ተመራማሪዎቹ አፈር ላይ ያፈጠጡት ወደው አይደለም።

አክስቴን ግን ማን ያሳምናት! ደህና የነበረውን ጭቃ ቤቷን «እንዲጠነክር» ብላ ሲሚንቶ አስለሰነችው። ብዙም ሳይቆይ ልስኑ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተላጠ። ከኋላው ያለው ጭቃ ርሶ ነበር። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር እኩል አይለጠጥም። ይሰነጠቃል፣ ውሃ ያስገባል፣ የገባውንም አያስወጣም።

ጭቃ ቤት ያላችሁ ስሙኝ። ልስኑ ጭቃና ጭድ ይሁን፣ ላዩን ኖራ ቀቡት። የቆርቆሮውን ክፈፍ አስረዝሙ፤ ዝናቡ ከግድግዳው ርቆ ይውረድ። ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ። ግድግዳው ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይረፍ። ሲሚንቶ ገዝታችሁ ከሆነም ለዚያ ድንጋይ አውሉት።