ውሃ ልክ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

አንድ የስፖርት ተንታኝ ስለ አንድ አጥቂ ሲያወራ «የሊጉን ውሃ ልክ ከፍ አደረገው» አለ። «የሥነ ምግባር ውሃ ልካችን ወርዷል» የሚሉትን ችዬ ነበር፤ ይሄኛው ግን ባሰብኝ። ውሃ ልክ፣ ያ ግንበኛ ወለል የሚያይበት፣ በፈሳሽ ብልቃጡ ውስጥ አረፋ ያለችበት ዕቃ፣ ከፍ ዝቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ምድር ቤት አስቀምጡት፣ አሥረኛ ፎቅ ላይ አስቀምጡት፣ ወለሉ ደህና ከሆነ አረፋዋ መሃል ናት። ከፍታ የፈለገ ሜትር ይዘርጋ። ውሃ ልክ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይሄ ጫፍና ያ ጫፍ እኩል ናቸው ወይስ አንዱ አዘንብሏል? ግድግዳ ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚነግረን ደግሞ ቱንቢ (በክር የተንጠለጠለ ክብደት) ነው፤ የዛሬዎቹ ውሃ ልኮች ለቁምም የሚሆን አረፋ አላቸው።

እኩልነቱን የሚያወጣው ውሃ ነው። ግንበኛ ልክ ከኮለን (ከምሰሶ) ወደ ኮለን ሲያሻግር እስከ ዛሬ የሚዘረጋው ውሃ የተሞላ፣ ውስጡ የሚታይ ጎማ ነው፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ባለ አረፋውን መልከጼዴቅ ቴቬኖ የተባለ ፈረንሳዊ ያመጣው በ1660ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ አልኮል ነው፤ በብርድ አይረጋም፣ አረፋዋንም ቶሎ ያንቀሳቅሳል። ብልቃጡ ራሱ በጣም በትንሹ ወደ ላይ ጎበጥ ያለ ነው፤ ፍጹም ቀጥ ቢል ኖሮ አረፋዋ በጥቂት ዝንባሌ ጫፍ ድረስ ትሮጥ ነበር።

«ሕግ የሁላችን ውሃ ልክ ነው» የሚለው ይሻላል፣ ቢያንስ እኩልነትን ይዟል። እሺ፣ እንቀበለው። ግን ከተቀበልነው አይቀር እስከ ጥግ እንሂድበት። ጎማው የሚሠራው ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት ሲሆኑ ነው። ረዳቱ አንዱ ጫፍ ላይ አውራ ጣቱን ከረሳ ውሃው ወደ ልኩ አይመጣም፤ ምልክቱም ውሸት ይሆናል። መሃሉ ላይ አየር ከታቆረም እንደዚያው። ማን አውራ ጣቱን የቱ ጫፍ ላይ እንዳሳረፈ ሕጉን የሚያወድሱት ይንገሩን። (አንዱ ጫፍ ፀሐይ ላይ፣ ሌላው ጥላ ውስጥ ከቆመም የሞቀው ውሃ ስለሚቀል በዚያ በኩል በጥቂቱ ከፍ ይላል። ይሄን ማንም አልጠየቀኝም፤ ጠራራ ላይ የሚለካ ሰው ግን ይወቀው።)

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ውሃ ልክ አይዋሽም» የሚሉት ነው። ይዋሻል! ወድቆ ብልቃጡ የተናጋ ስንት አለ። ጤነኛ የሚባለውም በ1 ሜትር ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስህተት ይፈቀድለታል፤ እየገፉ 20 ሜትር ቢሄዱበት እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጎማው ያልተሻረውም ለዚህ ነው። ዕቃውን መፈተን ቀላል ነው። ወለል ላይ አስቀምጡት፣ አረፋዋ ወደየት እንዳደላች እዩ፣ ከዚያ ግራውን ወደ ቀኝ አዙራችሁ እዚያው ቦታ መልሱት። አረፋዋ እንደገና ወደዚያው ግድግዳ ካደላች ጥፋቱ የወለሉ ነው። ከዕቃው ጋር አብራ ዞራ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ካደላች ግን ወለሉን አትውቀሱት። መርካቶም ስትገዙ ባንኮኒው ላይ እንዲሁ አዙሩት፤ ባለ ሱቁ ቢቆጣ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ክፍት ነው።

ደግሞ ሁሉ ነገር ውሃ ልክ ይሁን የሚል ሕግ የለም። የሻወር ቤት ወለል በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ፍሳሽ መውረጃው መዝመም አለበት። በረንዳም፣ ጠፍጣፋ ጣራም፣ የፍሳሽ ቱቦም ተዳፋት ካላገኙ ውሃ ያቁራሉ። ሻወር ቤት ሴራሚክ አንጥፎ አረፋዋን መሃል ላይ እያሳየ «ፎርማን፣ እየው፣ ውሃ ልክ ነው!» የሚለኝን ልጅ ሳላመሰግን አስፈርሰዋለሁ።