ስለ ሬቲና ሕዋስ ንቅለ ተከላ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የዓይን ባንክ ካለ ለአባቴ አዲስ ሬቲና ለምን አይተከልለትም?» ከዓይን ባንክ የሚገኘው ከፊት ያለው ጥርት ያለ ክፍል፣ ኮርኒያው፣ ነው እንጂ በዓይን ውስጠኛ ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሬቲናው፣ አይደለም።

«ግላኮማም በዚሁ የሕዋስ ንቅለ ተከላ ይድናል።» አይድንም፤ ግላኮማ የሚጎዳው የዓይንን ነርቭ ነው።

«ጃፓኖች ጨርሰውታል።» እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 የጃፓናዊቷ የዓይን ተመራማሪ የማሳዮ ታካሃሺ ቡድን በኮቤ ከተማ፣ ከዕድሜ ጋር በሚመጣ የማኩላ (የሬቲና መካከለኛ ክፍል) ሕመም ለምትሠቃይ በሰባዎቹ ዕድሜ ለምትገኝ ሴት፣ ከራሷ ቆዳ የተሠራ ስስ የደጋፊ ሕዋሳት ንጣፍ ተከለላት። ንጣፉ ከዓመት በኋላም ደኅና ነበር፤ እይታዋ አልባሰም፣ አልተሻሻለምም። ደጋፊ ሕዋሳት ብርሃን ተቀባዮቹን ይንከባከባሉ እንጂ የሞቱትን አያስነሡም።

ከሁሉ ይልቅ የታከተኝ ግን «ስቴም ሴል ዓይን ውስጥ ከተወጋ የጎደለውን ራሱ ፈልጎ ይሞላል» የሚለው ነው። ስቴም ሴል ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። በትክክለኛ ምርምር የሚተከሉት ሕዋሳት አስቀድመው በላቦራቶሪ ወደሚፈለገው ዓይነት አድገውና ተመርምረው፣ በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ከሬቲና ሥር የሚቀመጡ ናቸው፤ ከሆድ ስብ ተጣርቶ የሚወጋው ድብልቅ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ እንደሚሆን ግን በማስረጃ ያሳየ የለም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ 5,000 ዶላር ከፍለው ይህንኑ በሁለቱም ዓይናቸው በአንድ ቀን የተወጉ ሦስት አረጋውያን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሐኪሞች ባሳተሙት ዘገባ መሠረት፣ ሬቲናቸው ተላቅቆ እይታቸውን በእጅጉ አጥተዋል፤ ብርሃንን እንኳ መለየት ያቃታት ነበረች። ሥራው በአሜሪካ መንግሥት የምርምር መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ በዚያ መዝገብ መስፈር ግን ፈቃድ ማግኘት ማለት አይደለም፣ ይህን ስንቴ እንደምናገር እግዜር ይወቀው።

በቅርቡ በዳፍንት የጀመረ የዘር የሬቲና ሕመም ያለበት መምህር፣ ዱባይ ያለች እኅቱ ገንዘብ ልትልክለት ቃል የገባችለትን የአንድ ክሊኒክ የዋጋ ዝርዝር ይዞልኝ መጣ። ከሆቴሉና ከአየር ማረፊያ አቀባበሉ ሥር በደቃቅ ፊደል «ሁለቱም ዓይኖች፣ በአንድ ቀን» ይላል። ያንን ደቃቅ ጽሑፍ ያነበበልኝ ራሱ ነው፤ ሊያስወጋ ባሰበው ዓይን!

እንግዲህ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ይህን ይጠይቅ፦ የሚተከለው ምን ዓይነት ሕዋስ ነው? የአንዱ ዓይን ውጤት እስኪታይ ሁለተኛው ለምን አይቆይም? ለሙከራ ሕክምና የምከፍለው ለምንድን ነው? ገንዘቡ ካለ በመጀመሪያ የጂን ምርመራ ቢደረግበት ይሻላል፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በአሜሪካ የተፈቀደው ሉክስተርና፣ የሕዋስ ሳይሆን የጂን ሕክምና ሲሆን፣ የሚሠራው አርፒኢ65 በተባለው ጂን ጉድለት ለታመሙ፣ ያውም በሕይወት ያለ የሬቲና ሕዋስ ለቀራቸው ብቻ ነው።