ሲንተሲሱ ቀላል ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለተነሳ ላብራራው። አንድ ኦርጋኒክ ሰሚኮንዳክተር (ትራንዚስተር የሚሠራበት፣ ካርቦን ላይ የተመሠረተ ከፊል አስተላላፊ ቁስ) «ሲንተሲሱ ቀላል ነው»፣ ማለትም ከሌሎች ኬሚካሎች ማዘጋጀቱ ቀላል ነው ከተባለ፣ የኬሚካል ደረጃዎቹ ጥቂት ናቸው፣ መነሻዎቹም በገበያ ይገኛሉ ማለት ነው። ትራንዚስተሩ ጥሩ ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

ከእነዚህ ሰሚኮንዳክተሮች አንዱ የሆነውን ቲፕስ-ፔንታሲንን እንውሰድ። መጀመሪያ ኦርቶ-ፍታላልዲሃይድና 1,4-ሳይክሎሄክሳንዳዮን ኤታኖል ውስጥ ይሟሟሉ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመርበት ቢጫ ዱቄት ይዘቅጣል፤ ኦክስጅን ያለበት ፔንታሲንኪኖን ነው። ማጣራትና ማጠብ ብቻ! ይህን ደረጃ በጣም እወደዋለሁ። ቀጥሎ ሲሊከን ያለባቸው ሁለት ክንፎች ግራና ቀኝ ይገጠሙለታል፤ በመጨረሻም ኦክስጅኑ በቲን ክሎራይድ ይወገዳል። ክንፎቹ ባይኖሩ ፔንታሲን በተለመዱት ሟሟዎች እንደልብ አይሟሟም፤ ትራንዚስተሩ ውስጥ የሚገባውን ስስ ፊልም ለመሥራት አብዛኛውን ጊዜ በቫኪዩም ማትነን ያስፈልጋል።

እስከዚህ ድረስ የተረጋገጠ ነው። የሚለያየው ሞቢሊቲው ነው፤ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጁ በፊልሙ ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚንቀሳቀስ። ያው አንድ ዱቄት ቶሎ በሚተን ክሎሮፎርም በፍጥነት እየተሽከረከረ ሲቀባና በቶሉይን ቀስ ብሎ ሲደርቅ፣ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ቀስ ብሎ ሲደርቅ ክሪስታሎቹ ተስተካክለው ያድጋሉ፤ ቻርጁም በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የሞቢሊቲ ቁጥር ስታዩ ፊልሙ በምን ሟሟ፣ እንዴት እንደተቀባም አብራችሁ ፈልጉ።