የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም፦ ስለ ደንደሴ እንስሳት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የጀርባ አከርካሪ ያላቸው እንስሳት፣ በትምህርት ቤት መጻሕፍት «ደንደሴዎች» የሚባሉት፣ በተለምዶ ዓሣዎች፣ እንቁራሪት አስተኔዎች፣ ገበሎ አስተኔዎች (እንሽላሊት፣ እባብ፣ ኤሊና አዞ የሚመደቡበት)፣ አዕዋፍና አጥቢዎች ተብለው በአምስት ይከፈላሉ። ክፍፍሉ የሚመሠረተው እንስሳው በሚኖርበት ስፍራ ወይም በሚንቀሳቀስበት መንገድ ሳይሆን በአካሉ አሠራርና በዘር ሐረጉ ነው። የዕለት ተዕለት ቋንቋችን ግን ለእንስሳት ስም ሲያወጣ ቀድሞ የሚያየው መብረሩን፣ መዋኘቱን ወይም መሳቡን ስለሆነ፣ ከስሕተቶቹ በርከት ያሉት ገና ከስያሜው ይጀምራሉ።

«የሌሊት ወፍ ወፍ ናት»

ስሟ ራሱ ስለሚመሰክርባት ሰውን ከዚህ አስተሳሰብ ማላቀቅ አስቸጋሪ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ም ከማይበሉት ወፎች ጋር ተቆጥራለች፤ ይህ ግን የሚበርረውን ሁሉ በአንድነት የሚጠራ ጥንታዊ አቆጣጠር እንጂ የአካል ምርመራ ውጤት አይደለም። ከአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ወይም ከዋሻ የወደቀችን የሌሊት ወፍ ቀረብ ብሎ ያያት ሰው (በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች) አንዲት ላባ እንኳ አያገኝባትም። የሚያገኘው ለስላሳ ጸጉር፣ ቀጥ ያሉ ጆሮዎችና ጥቃቅን ጥርሶች ሲሆን፣ ሦስቱም በዛሬዎቹ ወፎች ላይ የሉም። ክንፏ በብርሃን ፊት ሲዘረጋ በስሱ ቆዳ መካከል እጅግ የረዘሙ አራት ጣቶች ይታያሉ፤ አውራ ጣቷ ብቻ አጭር ሆኖ እንደ ሜንጦ ወደ ላይ ወጥቷል። ክንፉ በሌላ አነጋገር እጅ ነው። እንቁላል አትጥልም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ወልዳ ታጠባለች። እስካሁን ከታወቁት የአጥቢ ዝርያዎች አንድ አምስተኛ ገደማ፣ ማለትም ከ1,400 በላይ የሚሆኑት፣ የሌሊት ወፎች ናቸው። ዕውር ናት መባሉም ስሕተት ነው፤ ዓይኗ ያያል፤ ነፍሳት የሚበሉት ዝርያዎች ግን በጨለማ የሚመሩት በራሳቸው ድምፅ ገደል ማሚቶ ነው።

«ዓሣ ነባሪ ትልቅ ዓሣ ነው»

እዚህም ጥፋቱ የስሙ ነው። ዓሣ ነባሪ በሳንባ የሚተነፍስ፣ ለአየር ወደ ውሃው ገጽ የሚወጣ፣ ልጁንም ወተት የሚያጠባ አጥቢ ነው። ከሩቅ ለመለየት ጅራቱን ማየት ይበቃል፤ የዓሣ ጅራት ቀጥ ብሎ ቆሞ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ፣ የዓሣ ነባሪ ጅራት ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል።

«ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይባልም»

በሐዋሳው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ ቅርፊቱ እየተፋቀ ሲዘጋጅ፣ አጠገቡ የሚጋደመው አምባዛ ግን የሚፋቅ ነገር የለውም፤ ቆዳው ልሙጥ፣ ራሱ ጠፍጣፋ፣ አፉ ዙሪያውን ጺም ያለው ነው። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አለመብላት የሃይማኖት ሥርዓት ጉዳይ ሲሆን፣ በአካል አሠራር ረገድ አምባዛ ከቆሮሶ ያላነሰ ዓሣ ነው። ከሌሎች የሚለየው ከላይ አየር እየጎረሰ የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው፣ ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት ጭቃማ ውሃ መቆየት መቻሉ ነው። ዓሣ እንቁላሉን ጥሎ ይሄዳል የሚባለውም ለሁሉም አይሠራም፤ የቆሮሶ እናት እንቁላሎቿንና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በአፏ ይዛ ትጠብቃለች።

ሻርክ ደግሞ ከነአከርካሪው የተሠራው እንደ ጆሯችን ከሚተጣጠፍ ልም አጥንት ነው። ስለዚህ «የጀርባ አጥንት ያላቸው» የሚለው ትርጉም ለእርሱ ጠበብ ይላል። ሊቃውንትም ዛሬ ዓሣን እንደ አንድ መደብ አይቆጥሩትም፤ መንጋጋ የሌላቸውን፣ ባለ ልም አጥንቶቹንና ባለ አጥንቶቹን ለያይተው ያስቀምጣሉ።

«የእንሽላሊት ደም ቀዝቃዛ ነው»

እኩለ ቀን ላይ በድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ እንሽላሊት ደሟ ከእኛ ደም ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖረው ይችላል። ልዩነቱ ሙቀቱ ከየት መጣ የሚለው ነው፤ እኛ ከምግብ ከውስጥ እናመነጫለን፣ እርሷ ከውጭ ትቀበላለች። ይህም ቢሆን ድንበሩ ፍጹም አይደለም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ከመሬት በታች የሚኖረው ጸጉር አልባው ፍልፈል አጥቢ ሆኖ ሳለ የሰውነቱን ሙቀት በደንብ መጠበቅ አይችልም፤ እንደ ጉድጓዱ ሙቀት ከፍና ዝቅ ይላል። ይህን እንስሳ በ1842 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነበር። አጥቢ የሚያሰኘው ማጥባቱ እንጂ ሙቀቱም ሆነ ጸጉሩ አይደለም።

«አዞ ትልቅ እንሽላሊት ነው»

በእኔ ግምት ብዙዎችን የሚያስገርመው ይህ ነው፤ አዞ በዘር ሐረግ ከእንሽላሊት ይልቅ ለዶሮ ይቀርባል። የአዞ ልብ እንደ ወፍ ልብ አራት ክፍል ሲኖረው፣ የእንሽላሊትና የእባብ ልብ ሦስት ነው። በጫሞ ሐይቅ ዳርቻ የሚጥሉት የናይል አዞ እናቶች ጎጇቸውን ይጠብቃሉ፤ ጫጩቶቹ ከእንቁላል ውስጥ ሲጮኹ ሰምተው አሸዋውን ይምሳሉ፤ በጥርሶቻቸው መካከል ይዘውም ወደ ውሃ ያደርሷቸዋል። ወፎች የዳይኖሰር ዘሮች ስለሆኑ ተመራማሪዎች ዛሬ የሚያስቀምጧቸው በገበሎ አስተኔዎች ቅርንጫፍ ውስጥ ነው። አምስቱ መደቦች ለማስተማር ይመቻሉ፤ የቤተሰቡን ዛፍ ግን በትክክል አያሳዩም። ለዶሮ ወጥ ዶሮ የገነጠለ ሰው የእግሯን ቅርፊት አስተውሎ ከሆነ፣ የዝምድናውን አንድ ምልክት በእጁ ይዞ ነበር።

«ወፍ ማለት የሚበር ነው»

ሰጎን አይበርም፤ ላባ ስላለው ግን ወፍ ነው። ሲፈራ ራሱን አሸዋ ውስጥ ይቀብራል የሚባለውም አይታመንም፤ መሬት ላይ ባለው ጎጆው ያሉትን እንቁላሎች ለማገላበጥ ወይም ለመደበቅ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ከሩቅ የተቀበረ ይመስላል።

«እንቁራሪት አስተኔ ሁሉ ባለ አራት እግር ነው፤ ሕይወቱንም በውሃ ይጀምራል»

በባሌ ተራሮች ከምትኖር አንዲት ትንሽ ጉርጥ የሚወጡት እጮች በረጠበ መሬት ላይ ያድጋሉ እንጂ ኩሬ አያስፈልጋቸውም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ደግሞ እግር የሌለው፣ ትል የሚመስልና ከአፈር በታች የሚኖር እንቁራሪት አስተኔ ይገኛል፤ ቆፍሮ ያገኘው ሰው የእንቁራሪት ዘመድ ነው ብሎ አይገምትም።

«ጃርት እሾኋን ትወረውራለች፤ ኤሊም ከድንጋይ ቤቷ ትወጣለች»

የጃርት እሾህ የጠነከረ ጸጉር ነው፤ በቀላሉ ስለሚነቀል የነካት እንስሳ ላይ ተሰክቶ ይቀራል እንጂ አይወረወርም። ኤሊ ደግሞ መውጣት የማትችለው ቤቷ የአካሏ ክፍል በመሆኑ ነው። የሞተች ኤሊን ባዶ ድንጋይ ገልብጦ ውስጡን ያየ ሰው፣ የጎድን አጥንቶቿንና ደንደሷን ከጣሪያው ጋር ተጣብቀው ያገኛቸዋል።